የደከመ አብራሪ በራሱ ላይ ሲፈርድ



ሜይ 21 ቀን 2025 ምሽት ላይ ሴስና ሳይቴሽን የተባለች አነስተኛ የግል ጄት ከኒው ዮርክ ማዶ ካለው ከቴተርቦሮ ኤርፖርት ተነሳች። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር። 6 ሰዎች ተሳፍረዋል። ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ላይ አርፋ ነዳጅ ሞላች፤ አገር ምድሩ ተኝቶ ሳለ ወደ ምዕራብ ቀጠለች። ሳን ዲዬጎ ስትቃረብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ45 ገደማ ሆኗል። ከተማውን ጭጋግ ሸፍኖታል። ልታርፍበት ባሰበችው በሞንትጎመሪ ጊብስ ኤርፖርት የመቆጣጠሪያ ማማው ሌሊት ሰው የለበትም። የአየሩን ሁኔታ የሚያሳውቀው መሣሪያ ተበላሽቷል። ወደ ማኮብኮቢያው የሚመሩት መብራቶችም ከአገልግሎት ውጪ ናቸው። አብራሪው በአቅራቢያው ያለውን ወታደራዊ አየር ማረፊያ እንደ አማራጭ ካነሳ በኋላ ወደ መጀመሪያው ሐሳቡ ተመለሰ። አውሮፕላኗ ማኮብኮቢያው ላይ ለመድረስ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጋጭታ የወታደር ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ላይ ወደቀች። ምድር ላይ የሞተ ሰው አልነበረም። ከተሳፈሩት 6 ሰዎች ግን አንድም አልተረፈም።

ይህን አደጋ ያነሳሁት በሞቱት ላይ ለመፍረድ አይደለም። ጭጋጉም፣ የጠፋው መብራትም፣ የተበላሸው መሣሪያም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እኔ ግን ዓይኔን ከሰዓቱ ላይ ማንሳት አቅቶኛል። ነዳጅ ለመሙላት የቆሙበት ጊዜ ተጨምሮ ጉዞው 7 ሰዓት ተኩል ፈጅቷል፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ሥራ ደግሞ መጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ የተከማቸ ነው፤ የሰው አካል ተኛ፣ ተኛ በሚልበት ሰዓት። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጉዞ ላይ የግል አውሮፕላን ላብርር ቢል የሚያግደው የሰዓት ገደብ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ የለም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ክፍተት ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከባድ መኪና የምትነዱ ብዙ ናችሁ፤ ስለ ሰዓት ገደብ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የጭነት መኪና ሾፌር በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። ያንንም ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ በ14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ 10 ሰዓት በተከታታይ ማረፍ ይኖርበታል። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ኢኤልዲ የተባለው መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። ብዙዎቻችሁ መሣሪያውን እንደማትወዱት አውቃለሁ፤ ቤታችሁ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራችሁ መንገድ ዳር እንድታድሩ ያስገድዳችኋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ያደርግላችኋል። ደክሞኛል ወይስ አልደከመኝም የሚለውን ጥያቄ ከእናንተ ትከሻ ላይ ያወርደዋል። ሰዓቱ ካለቀ አልቋል። ለአለቃም፣ ለደንበኛም፣ ለራስም የሚነገር ሰበብ አያስፈልግም።

የመንገደኛ አየር መንገድ አብራሪም እንዲሁ ገደብ አለው፤ የአሁኑ ገደብ የመጣው ግን በሰው ሕይወት ዋጋ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን ኤር በረራ ቁጥር 3407 ከኒውዋርክ ተነስቶ ቡፋሎ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ዓይነት፣ ብዙዎቻችሁ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ የተሳፈራችሁበት። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 49 ሰዎችና በወደቀበት ቤት ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ ሥራ ለመግባት ሌሊቱን ከሲያትል በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ ስትጓዝ ነበር ያደረችው። ካፒቴኑ በኒውዋርክ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር ያደረው። የሟች ቤተሰቦች ከዚያ በኋላ የምክር ቤቱን በር ለዓመታት አንኳኩ፤ የልጆቻቸውንና የወላጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ኮሪደር ለኮሪደር ተመላለሱ። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ የእነርሱ ፍሬ ነው፤ አብራሪው ከሥራ በፊት ቢያንስ 10 ሰዓት ያርፋል፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ ለመተኛት የሚበቃ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ግል አብራሪው እንምጣ። ቅዳሜ ጠዋት ከበረራ ክለብ አንዲት ሴስና ተከራይቶ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ የሚነሳው ሰው፣ ወይም የራሱን ጄት ገዝቶ ለሥራው የሚመላለሰው ባለ ሀብት፣ የሰዓት ገደብ የለበትም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውሎ ማታ ማብረር ይችላል። 20 ሰዓት ነቅቶ ማብረር ይችላል። ሕጉ በጥቅሉ ጤናህ ሳይፈቅድ አትብረር፣ በግዴለሽነት አትብረር ይለዋል። የበረራ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ራሱን የሚጠይቃቸውን ነገሮች ያስተምረዋል፦ ሕመም አለብኝ? መድኃኒት ወስጃለሁ? ጭንቀት አለብኝ? ጠጥቻለሁ? ደክሞኛል? ስሜቴ እንዴት ነው? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ችግሩ ጠያቂውም መላሹም አንድ ሰው መሆኑ ላይ ነው። በአገራችን የሙግት ሥርዓት ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሆኖ አይሰየምም። እዚህ ግን ተከሳሹ ዳኛም ነው፣ ምስክርም ነው። ያውም እንቅልፍ ያጣ ምስክር።

የጠጣ ሰው መጠጣቱን ያውቃል፤ ብርጭቆውን ቆጥሯል። ትኩሳት ያለበት ሰው ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ይለካል። ድካም ግን መጀመሪያ የሚነካው ድካምን የምናውቅበትን ችሎታ ነው። ይህ የእኔ ግምት አይደለም። በ2003 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ጤነኛ ሰዎችን ለ14 ቀናት በየሌሊቱ የተወሰነ ሰዓት ብቻ እያስተኙ ንቃታቸውን በየቀኑ ለኩ። በሌሊት 6 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉት ሰዎች ንቃት በየቀኑ እያሽቆለቆለ ሄደ፤ በመጨረሻው ሳምንት ላይ ጨርሶ ሳይተኙ ካደሩ ሰዎች ጋር የሚወዳደር ደረጃ ደረሰ። የሚያስደነግጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚያው ሰዎች ምን ያህል እንቅልፍ እንደተጫጫናቸው ሲጠየቁ መልሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ እምብዛም አልተለወጠም። ትንሽ ደክሞኛል፣ ለምጄዋለሁ የሚል ዓይነት ነበር። ንቃታቸው ወርዶ ወርዶ ሳለ ስለ ራሳቸው የሚሰጡት ምስክርነት ባለበት ቆመ።

ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን በሌሊት 6 ሰዓት ብቻ የምንተኛው? ሁለት ሥራ የሚሠራው፣ ሌሊት ሆስፒታል አድሮ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ስድስት ሰዓት ካገኘ እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው ስንቱ ነው?

ሌላም ልጨምር። በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ፣ እንቅልፍ ማጣትንና አልኮልን ጎን ለጎን አስቀምጠው ለክተዋል። ያገኙት ይህን ነው፤ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። የአሜሪካ ሕግ አንድ አብራሪ በደሙ ውስጥ 0.04 በመቶ አልኮል ከተገኘበት እንዳያበርር ይከለክለዋል፤ የአብራሪነት ፈቃዱንም ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ 0.04ን በጽኑ ይቀጣል፤ 0.05 የሚያህለውን የ17 ሰዓት ንቃት ግን በዝምታ ያሳልፈዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ ወደ ሥራ የሄደ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓቱን ሞልቷል። ይህ ያልተለመደ ቀን አይደለም። የማንኛውም ሠራተኛ ረዘም ያለ ቀን ነው።

መኪና ውስጥም ቢሆን ድካም ይገድላል፤ ይህን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ትንሽ አውሮፕላን ግን በራሱ ሰው ያደክማል። የፒስተን ሞተሩ ጩኸት ጆሮ ላይ ሳያቋርጥ ያርፋል፤ ንዝረቱ በመቀመጫው በኩል አጥንት ውስጥ ይገባል። ከደመና በላይ ያለው ፀሐይ ዓይን ይወጋል። ሽንት ቤት ስለሌለ አብራሪው ውኃ ላለመጠጣት ይጠነቀቃል፤ ውኃ ያጣ አካል ደግሞ ቶሎ ይዝላል። ከዚህ ሁሉ በላይ አየሩ አለ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የውስጥ አየራቸው ስለሚታመቅ መንገደኛው ከፍታው እምብዛም አይሰማውም። ትንሿ አውሮፕላን ውስጥ ግን ከፍታው ራሱ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር ሌሊት የሚያበርር ሰው ከ5,000 ጫማ በላይ፣ ማለትም ከ1,500 ሜትር በላይ፣ ኦክስጅን ቢጠቀም ይመክራል፤ በጨለማ የሚያየው የዓይን ክፍል ኦክስጅን ሲያንሰው መጀመሪያ ይዳከማልና። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው አካሉ ለምዶታል። ሃያ ዓመት ቆላ ከተማ ኖሮ ወደ ሮኪ ተራሮች የሚያበርር ወገናችን ግን ደጋ ተወልጄ የለ ብሎ ቢተማመን ይሳሳታል። ኦክስጅን ማነስና እንቅልፍ ማጣት ምልክታቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ሰውየውን ደህና ነኝ ያሰኙታል።

ሸለብታም አለ። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ሳያውቀው ለ3 ወይም ለ5 ሰከንድ ይጠፋል፤ ዓይኑ ክፍት ሆኖ እንኳ ሊሆን ይችላል። በ120 ኖት ፍጥነት የምትበር አውሮፕላን በሰከንድ 60 ሜትር ያህል ትጓዛለች። በ5 ሰከንድ 300 ሜትር። ከፍ ባለ ሰማይ ላይ ይህ ምናልባት ምንም አያመጣ ይሆናል። ማኮብኮቢያ ፊት ለፊት፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ብዙም ሳይርቁ ግን 300 ሜትር የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

ኦገስት 2022 ላይ ብዙዎቻችን ያነበብነውን ዜና ታስታውሳላችሁ። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በ37,000 ጫማ ላይ እንዳለ መውረድ የሚገባውን ቦታ አለፈ፤ የመቆጣጠሪያ ማማው ቢጠራ ምላሽ አላገኘም። የአቪዬሽን ዜና አውታሮች ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ዘገቡ። አየር መንገዱ ግንኙነቱ ለጊዜው መቋረጡን አምኖ ምርመራው እስኪጠናቀቅ አብራሪዎቹን ከበረራ እንዳገደ አስታወቀ። እንደ ዘገባዎቹ ከሆነ አውቶፓይለቱ ሲለቅ የሚሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ቀሰቀሳቸው፤ ተመልሰውም በሰላም አረፉ። ያኔ ብዙ ሰው ተናደደ፤ እኔ ግን ለአገራችን አብራሪዎች አዘንኩ። ሰው ናቸው። ደግሞም ያን ቀን አውቶፓይለት ነበራቸው፣ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ነበራቸው፣ ማማው ላይ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ነበራቸው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ እዚያ ሁለትም ሆነው ተኙ። በትንሿ አውሮፕላን ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ አውቶፓይለትም ላይኖር ይችላል፤ ጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ እርሱ ያወቀው ነው ብላ ተኝታለች።

ለመሆኑ ድካምን ጀግንነት ያደረግነው ከመቼ ጀምሮ ነው? በበረራ ታሪክ ውስጥ አንድ ታላቅ ስም አለ። ቻርልስ ሊንድበርግ በሜይ 1927 አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ ብቻውን ከኒው ዮርክ ፓሪስ ገባ፤ 33 ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ከመነሳቱ በፊት በነበረው ሌሊትም አልተኛም ነበር። የዓይኑን ሽፋን በጣቱ እየገለጠ ነበር የበረረው፤ ቆይቶ እንደተረከው ከጀርባው የሚያናግሩት ጥላዎች ይታዩት ነበር። አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ የማትሄድ ስለነበረች ሸለብ ሲያደርገው ትዋዥቅና ታነቃዋለች። የሰው ልጅ ካደረጋቸው ድንቅ ነገሮች አንዱ ነው፤ አክብሮቴ አይቀንስም። ነገር ግን ከሊንድበርግ በፊት በዚያው ወር ሁለት ፈረንሳውያን፣ ኑንጌሴርና ኮሊ፣ ከፓሪስ ተነስተው አትላንቲክ ላይ ቀርተዋል። ለደረሰው ስንዘምርለት ያልደረሱት ተረሱ፤ ያልተኛ ጀግና ነው የሚለው አስተሳሰብም ከዚያ ዘመን አንስቶ በአብራሪዎች መካከል ሥር ሰደደ።

አሁን ልቤን ከሁሉ ይልቅ ወደሚነካው አደጋ ልምጣ። ኤፕሪል 10 ቀን 1996 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ፣ አባቷና የበረራ አስተማሪዋ በአንዲት ሴስና ካርዲናል ተሳፍረው ከካሊፎርኒያ ተነሱ። ሐሳቡ ልጅቷ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አብርራ እስከ ማሳቹሴትስ እንድትደርስና እንድትመለስ ነበር፤ ለጉዞው የተያዘለት 8 ቀን ነው። በሕግ ፊት አብራሪው አስተማሪው ነው። በመጀመሪያው ቀን ኔቫዳን አቋርጠው ዋዮሚንግ ውስጥ ሻየን ከተማ ገቡ። ጋዜጠኞች ይጠብቃሉ፤ ቃለ መጠይቅ አለ፤ ቴሌቪዥን አለ። በማግስቱ ጠዋት ከተማዋ ላይ ማዕበል እየመጣ ነበር።

ሻየን 1,870 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። አውሮፕላኗ ከተፈቀደው ክብደት 40 ኪሎ ግራም ያህል በልጣለች። መርማሪዎች ስለዚያ ጠዋት የጻፉትን ሳነብ ቆም ያደረገኝ ማዕበሉ አይደለም፤ ከመነሳታቸው በፊት የታዩት ትንንሽ ስህተቶች ናቸው። የፊት ጎማው ድጋፍ ሳይነሳ ሞተር ተነሳ፤ ሰው ነግሯቸው መልሰው አጠፉት። የሬዲዮው ቁጥር ተሳስቶ ተደገመ። በመሬት ላይ ሲጓዙ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ታጠፉ። ልምድ ያለው አስተማሪ አንዱን ቢሳሳት ማንም አይደነቅም። ሦስቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲደራረቡ ግን፣ እኔ እንደማየው፣ ከአንድ ረጅም የበረራ ቀንና ከግርግር ምሽት በኋላ ያለ አእምሮ ምስል ነው። እያንዳንዱ ስህተት ዛሬ ይቅር የሚል ድምፅ ነበር፤ የሰማው አልተገኘም። በዝናብና በነፋስ ውስጥ ተነሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ፍጥነታቸው ወርዶ ክንፎቹ አውሮፕላኗን መሸከም አቃታቸው። ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቁ አንድ ሰፈር ውስጥ ወድቀው ሦስቱም ሞቱ።

ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ዋናውን ጥፋት በዚያ አየር ለመነሳት በተሰጠው ውሳኔ ላይ ካደረገ በኋላ አባባሽ ምክንያት ብሎ የመዘገበው ከአቅም በላይ የተለጠጠውን የጉዞ መርሐ ግብር ለመጠበቅ የነበረውን ፍላጎት ነው፤ በከፊልም ለመገናኛ ብዙኃን በተገባ ቃል ምክንያት። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ የሕፃናት አብራሪዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። ልጆችን ለመጠበቅ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ጠዋት የወሰነው ልጅ አልነበረም፤ አዋቂ ነው። የደከመውን አዋቂ የሚመለከት ሕግ አልወጣም።

ቃል መግባት፣ ሰው ይጠብቀኛል ማለት፣ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ለቅሶ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ የሚያነጋ ሕዝብ ነን። ሰርግ ላይ የቀረ ሰው ለዓመታት ይወቀሳል። ይህን ባህላችንን እወደዋለሁ፤ በስደት ያቆመን እርሱ ነው። ነገር ግን የአብራሪ ፈቃድ እያወጡ ያሉ ወጣቶቻችን ይህንኑ ግዴታ ይዘው ኮክፒት ውስጥ ይገባሉ። የምንጠብቃቸው እኛ ደግሞ በስልክ የት ደረስክ፣ ምነው ዘገየህ እያልን የምናጣድፋቸው ነን።

ድካም በአደጋ ዘገባዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስሙ የማይነሳበት ምክንያት አለ። አልኮል በደም ምርመራ ይገኛል። የተሰበረ ቱቦ በፍርስራሹ ውስጥ ይገኛል። ድካም ግን ከሰውየው ጋር ይቀበራል። መርማሪዎች የአብራሪውን የመጨረሻ 72 ሰዓታት ከቁርጥራጭ ይገጣጥማሉ፤ ስልኩን መቼ እንደነካ፣ ሆቴል መቼ እንደገባ፣ ካርዱን የት እንደተጠቀመ፣ ባለቤቱ መቼ ተኛ እንደምትል። ትንንሽ አውሮፕላኖች ድምፅ የሚቀዳ ጥቁር ሣጥን እንዲይዙ አይገደዱም። ስለዚህ በአሜሪካ በየዓመቱ በትንንሽ አውሮፕላኖች ከሚደርሱት 200 ገደማ ሰው የሚሞትባቸው አደጋዎች ውስጥ በድካም የተመዘገበው ጥቂት ቢሆን ድካም ጥቂት ነው ማለት አይደለም።

አንድ ጊዜ ግን ምስክሩ ተርፏል። ኦገስት 18 ቀን 1993 አንድ ትልቅ የጭነት ጄት ኩባ ውስጥ ጓንታናሞ ቤይ ሊያርፍ ሲል ወድቆ ሦስቱ ሠራተኞች በሕይወት ወጡ። ካፒቴኑ ከ23 ሰዓት በላይ ነቅቶ ነበር። የአሜሪካ ጦር ሰፈሩን ድንበር የሚያመላክት አንድ መብራት ሲፈልግ ባልደረቦቹ ፍጥነቱ እየወረደ መሆኑን ደጋግመው ነግረውታል፤ አልሰማም። መብራቱ ያን ቀን አይሠራም ነበር። በኋላ ሲጠየቅ የነበረው ስሜት ፍርሃት ሳይሆን መፍዘዝና ግድ የለሽነት እንደነበር ተናገረ። ቦርዱ በዚህ አደጋ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የአብራሪ ድካምን የአደጋ ምክንያት ብሎ የጻፈው። ግድ የለሽነት የምትለዋን ያዙልኝ። ለደከመ ሰው አደጋው አለመታየቱ ብቻ አይደለም፤ ቢታየውም ስሜት አይሰጠውም።

ስለ ቡና መቼም ሳልናገር ብወጣ አትለቁኝም። ነቅተን በምንቆይበት ጊዜ ሁሉ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር አእምሮ ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ ይጠራል። ካፌይን የሚያደርገው አዴኖሲኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ መያዝ ነው። አዴኖሲኑ ግን አልጠፋም፤ መጠራቀሙንም አላቆመም። ቡናው ሲለቅ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያም ሰዓት የማረፊያው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከቡና ይልቅ አጭር እንቅልፍ ይሻላል። ናሳ በረጅም በረራ አብራሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ 40 ደቂቃ ዕረፍት ተሰጥቷቸው በአማካይ 26 ደቂቃ የተኙት አብራሪዎች ንቃታቸውና ሥራቸው በግልጽ ተሻሽሏል። ብቻውን የሚያበርር ሰው ግን ይህን ማድረግ የሚችለው መሬት ላይ ብቻ ነው።

መድኃኒትም አለ። ለጉንፋን፣ ለአለርጂ ወይም ለእንቅልፍ ብለን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምንገዛቸው፣ እንደ ቤናድሪልና ታይሌኖል ፒኤም ያሉት፣ ዳይፈንሃይድራሚን አላቸው። የፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር አብራሪ ይህን ከወሰደ በኋላ 60 ሰዓት ሳይሞላው እንዳያበርር ይመክራል። ሁለት ቀን ተኩል መሆኑ ነው። ሐሙስ ማታ የዋጠ ሰው ቅዳሜ መብረር የለበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የፌደራል መንግሥት ለግል አብራሪ እንደ ትራክ ሾፌሩ ያለ ገደብ ያውጣ የሚሉ አሉ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ግን ቶሎ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ቢመጣም በ200 ሺህ አውሮፕላን ላይ ማን ቆሞ ይቆጥራል? እኔ ተስፋ የማደርገው ቁልፉን በሚሰጡት ሰዎች ላይ ነው። የግል አብራሪ ብዙ ጊዜ አውሮፕላን የሚከራየው ከክለብ ወይም ከትምህርት ቤት ነው። እነዚህ ቦታዎች ከሕጉ የጠበቀ የራሳቸው ደንብ ማውጣት ይችላሉ፤ ያወጣሉም። ነፋሱ ከዚህ በላይ ከሆነ አይነሳም፣ ለ90 ቀን ያላበረረ ሰው ከአስተማሪ ጋር ይውጣ ይላሉ። ድካምንም እንዲሁ ያድርጉት። ነገሩ ፍርዱን ከደከመው ሰው እጅ አውጥቶ ገና ሳይደክመው ለወሰነው ለራሱ፣ ወይም ጎኑ ላለ ሰው መስጠት ነው። በረራውን ያቀደው ማክሰኞ ዕለት፣ በሰላም ሳሎኑ ተቀምጦ ነው፤ ያኔ ከዚህ ሰዓት ካለፈ አልነሳም ብሎ ይጻፍ፤ ለባለቤቱም ይስጣት።

አብሮ የሚሳፈር ሰውም ድምፅ አለው። የምታበርሩ ሳትሆኑ ተጋብዛችሁ የምትወጡ፣ መነሻው ሳይደርስ ከዋዜማው ሆቴል ያዙ። መመለሻው እሑድ ማታ መሆን አለበት የሚል ሰው ካለ ሰኞ ጠዋትን አንሱለት፤ የሆቴሉን ሂሳብ እኛ እንከፍላለን በሉት። ሰኞ ሥራ ከገባ በኋላ ከአለቃው የሚደርስበትን ወቀሳ አብራችሁ ተካፈሉ።

እዚህ መካከል የክለብ አባል የሆናችሁ ቢያንስ ጥቂቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኪራይ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር። ዛሬ ከእንቅልፍ የተነሳሁት በዚህ ሰዓት ነው፤ ማረፊያዬ ላይ የምደርሰው በዚህ ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ከ14 ሰዓት ከበለጠ ቁልፉ ለነገ ይደር። 14ን የመረጥኩት የጭነት ሾፌሩ ቁጥር ስለሆነና ከ17ቱ ሰዓት በፊት ለመዘግየትና ለመዞር ሦስት ሰዓት ስለሚያስተርፍ ነው። በሚቀጥለው የክለባችሁ ስብሰባ ላይ አንሱት፤ የቅጹን ቃል አብሬያችሁ ለማርቀቅ ከዚህ ንግግር በኋላ በሩ አጠገብ አለሁ።